በኢሕራም ያየኋቸው ሩፈቃዎች

ከመካ የተመለሰን ሰው ሁሉም የሚጠይቀው ስለ ካዕባ ነው። እኔንም ሀገር ቤት ያሉ እህቶቼ በስልክ የጠየቁኝ ይህንኑ ነበር። ስለ ካዕባ ግን ከኔ የተሻሉ ሰዎች ነግረዋችኋል፤ እኔማ ፊቱ ስቆም እንባዬ ዐይኔን ስለጋረደው ብዙም አላየሁም። እዚህ የምጽፍላችሁ ስለ መንገዱ፣ ስላሳደሩኝ ሰዎችና ሩፈቃ ስለሚባሉት አውሬዎች ነው። ሩፈቃ በዐረብኛ ባልንጀሮች እንደማለት ነው። ከቀበሮ ይበልጣሉ፣ ከጅብ ያንሳሉ፤ መልካቸው እንደ አሸዋው ነው፤ የጆሯቸው ጫፍ ብቻ በኩል የተኳለ ይመስላል። በኛ ሀገር የሉም።

ማክሰኞ

በቤት ሠራተኝነት ያለሁባት ማዳም ቤተሰቧን ይዛ ለእህቷ ልጅ ሰርግ ሪያድ ስትሄድ እስከ ቅዳሜ ፈቃድ ሰጠችኝ። ጂዳ ብዙ ዓመት ተቀምጬ መካ የገባሁት ሁልጊዜ ከነሱ ጋር ነው፤ እነሱ ጠዋፍ ሲያደርጉ፣ ካዕባን ሲዞሩ፣ እኔ ልጆቹን ይዤ እጠብቃለሁ። ለራሴ ብዬ፣ እጄ ባዶ ሆኖ፣ ዑምራ አድርጌ አላውቅም ነበር።

ያለ መሕረም፣ ያለ ቅርብ ወንድ ዘመድ፣ ጉዞ ልቤ አይወደውም። ታናሽ ወንድሜ ሰዒድ ደግሞ መካ ሳይደርሱ በአሮጌው መንገድ በኩል፣ ኮረብታ መሀል፣ የሰው ፍየል ይጠብቃል። እሱ ጋ አድሬ በማግስቱ አብረን ልንገባ ተነጋገርን። እስከዚያ ድረስ ፔትሮሚን ጋራዥ የሚሠራው የሀገራችን ልጅ ዓሊ ከሚስቱ ከሞሚና ጋር ሊያደርሰኝ ቃል ገባ።

ጂዳ የሚኖር ሰው ኢሕራም የሚይዘው ከቤቱ ነው። ታጥቤ፣ ሁለት ረከዓ ሰግጄ፣ ኒያዬን በልቤ አስሬ ወጣሁ። ለማታውቁት፦ ሰው ከዚያች ኒያ ጀምሮ ዑምራውን ፈጽሞ ፀጉሩን እስኪቆርጥ ድረስ ሽቶ አይቀባም፣ ጥፍሩን አይቆርጥም፣ አይጣላም፣ አደን አያድንም፤ ለአዳኝም በጣቱ አያመላክትም። ሴት ልጅ የተለየ ልብስ አትለብስም፤ ኒቃብ ግን አታደርግም። በመኪናው መስኮት የሚገባው ንፋስ ፊቴን ሲነካኝ እንግዳ ነገር ሆነብኝ።

ከከተማው እንደወጣን ጎማ ፈነዳ። ዓሊ ወርዶ ከኋላ ፈለገ፣ ከወንበር ሥር ፈለገ፤ ማንሻው የለም።

«ቀኑን ሙሉ የሰው መኪና ሲያነሳ ይውላል፤ የራሱን ማንሻ ግን ጋራዥ ረስቶ ይመጣል!» አለች ሞሚና።

«ያስቸኮልሽኝ አንቺ አይደለሽ?» አላት።

«እኔማ ከሰርጋችን ቀን ጀምሮ ቀስ በል እያልኩህ ነው።»

እኔ በኢሕራም ላይ ስለሆንኩ ጠብ ላለመስማት ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩ፤ ግን ሳቄ መጣ። በመጨረሻ አንድ የመናዊ ሽማግሌ መኪናቸውን አቁመው ማንሻ አዋሱን። ጎማው እስኪቀየርም ከበረዶ ሣጥናቸው ውሃና ተምር አውጥተው ለኔና ለሞሚና ሰጡን። «ዱዓ አድርጉልኝ» ብቻ ብለው ሄዱ። ስማቸውን አልጠየቅንም። ዱዓ ግን አድርጌላቸዋለሁ።

የሰዒድ ሆሽ (እዚህ የከብት ግቢን ሆሽ ነው የሚሉት) በድንጋይ ኮረብታዎች መካከል ያለ የብሎኬት አጥር ነው። አጥሩ በአንድ በኩል አጭር ነው። በኛ ሀገር ወረባቦ ያለ ፍየል ይህን ቦታ ቢያይ እንባው ይመጣ ነበር፤ ቅጠል የሚባል የለም፣ ፍየሎቹ ካርቶን ይበላሉ። ወንድሜ ጠቁሯል፣ ከስቷልም። አንዲት ክፍል አለችው፤ በሯ መጋረጃ ነው። ለኔ ብሎ አዲስ አንሶላ ገዝቶ ከነእጥፋቱ አልጋው ላይ ዘርግቶታል፤ እሱ ደጅ ሊተኛ ምንጣፉን አውጥቷል። የሠራው ሩዝ ጨው በዝቶበት ነበር።

«ጣፈጠ?» አለኝ።

በኢሕራም ላይ መዋሸት ፈራሁ። «ውሃ ስጠኝ» አልኩት።

«እቴ ትሙት! እናታችንን መሰልሽ» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወና ነገሩን ነገረኝ። ባለፈው ሳምንት ሩፈቃዎች በአጭሩ አጥር ዘለው ግልገል ወስደዋል። አሠሪው (ከፊል ነው የሚሉት) አቡ ሳሊም መርዝ አዘጋጅቷል፤ ሜዳ ላይ ቢጥለው ግን የጎረቤቶቹ ውሾች ይበሉታል፤ ስለዚህ ጎሬያቸውን ፈልግልኝ ብሎታል። «ሌላ ግልገል ከጎደለ ኸላስ፣ በቃ፣ ኹሩጅ ነው አለኝ።» ኹሩጅ ማለት ወደ ሀገር መሸኘት ነው። ሰዒድ ሀገር ቤት የጀመረው ቤት ጣራ አላወጣም፤ ሚስቱም እናቴ ጋ ተጠግታ ነው ያለችው።

«አገኘኸው ጎሬውን?»

«አላገኘሁም። ወላሂ፣ ብዙም አልፈለግኩ።»

ለምን እንደሆነ ከመግሪብ ሶላት በፊት አሳየኝ። ፊት ለፊት ካለው ኮረብታ ላይ አንድ በአንድ ብቅ አሉ። መጀመሪያ የመጣችው አንድ ጆሮዋ የተቀደደ አሮጊት ናት። ወጣቶቹ ወደሷ ቀርበው አንገታቸውን ከአገጯ ሥር ያስገባሉ፣ የአፏን ጠርዝ ይልሳሉ። እሷን ሲጨርሱ ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። ማንም አይዘለልም። አንዱ ራቅ ብሎ ተኝቶ ነበር፤ እሱ ጋ ሄደው በአፍንጫቸው እስኪነኩት ድረስ አልተነሳም፤ እሱ እስኪነሳ ደግሞ ሌሎቹ አልሄዱም። ልክ እንደኛ ሀገር ለቅሶ ቤት ነው፤ ሰው ሁሉ በየተራ ሰላም ካልተባለ ነገር አይጀመርም።

«ሲሮጡ አላየሽም» አለኝ ሰዒድ። «አንዱ ያባርራል፣ ሌላው በአቋራጭ ሄዶ ይጠብቃል። የፊተኛው ሲደክመው የጠበቀው ይቀበለዋል። የደከመው ቁጭ ብሎ ያርፍና እንደገና ይገባል። አጨዳ ላይ እንደምንቀባበለው ነው። አንድም ቀን በሥጋ ሲጣሉ አላየሁም።»

ከመካከላቸው ጡቷ የተንዠረገገ አንዲት ነበረች። «አራሷ ናት» አለ። «አራስ ሆና አደን ትወጣለች። ልጆቿን የምትጠብቅላት ሌላ ናት፤ የት እንዳለች ግን አላውቅም።»

ሰላምታቸውን ሲጨርሱ በአንድ መስመር ተሰልፈው ከኮረብታው ጀርባ ጠፉ። ሰዒድ ሰው እንደሸኘ ቆሞ ቀረ።

ረቡዕ

ፈጅር ሰግጄ ለመጸዳዳት ከሆሹ ጀርባ ወዳሉት ትልልቅ ድንጋዮች ሄድኩ። ብርሃኑ ገና ግራጫ ነበር። ሁለት ቋጥኞች ተደጋግፈው በቆሙበት ሥር አንዲት ሩፈቃ ተቀምጣ አየችኝ። አልተነሳችም፤ ጥርሷንም አላሳየችኝም። ከሆዷ ሥር ቡችሎች ይርመሰመሳሉ። አንዱ ጡቷን ፈለገ፤ ደረቅ ነው፣ ምንም የለውም። ትቶት ጆሮዋን ያኝክ ጀመር፤ ዝም አለችው። ሌላው ጀርባዋ ላይ ወጥቶ ተንከባለለ፤ በአፏ ቀስ ብላ አንስታ ወደ ቦታው መለሰችው። ዐይኗን ግን ከኔ ላይ አላነሳችም።

እኔን ከበው የሚቀመጡትን የማዳምን ልጆች አሰብኩ። ማታ ማታ ፀጉሬን ይዘው ካልሆነ የማይተኙትን። የራሴን ልጅ አሰብኩ፤ ከእናቴ ጎን የምትተኛውን፣ በስልክ ስደውልላት «አክስቴ» ልትለኝ ጀምራ የምታስተካክለውን። ወደ ኋላዬ ቀስ ብዬ ተመለስኩ።

ለሰዒድ ልነግረው ስል የመኪና ድምፅ መጣ። አቡ ሳሊም ነበር፤ ጺሙን ሂና የቀባ፣ ሲናገር ወደ መሬት የሚያይ ሽማግሌ። ለኔም ለሰዒድም ትኩስ ተሚስ ዳቦና ፉል ይዞ መጥቷል። ሰላም ብሎ፣ እንኳን ደህና መጣሽ ብሎ፣ ስለ ልጄና ስለ እናቴ ጠየቀኝ። ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞረ።

«አገኘህ?»

«አላገኘሁም፣ ያ ዓሚ።» እውነቱን ነው።

አቡ ሳሊም ወደኔ ዞረ። «ያ ኡኽቲ፣ አንቺስ? ጠዋት ወጥተሽ ነበር፣ ዱካሽ አሸዋው ላይ አለ፣ ድንጋዩ ላይ ግን ይጠፋል። አይተሻል?»

አላየሁም ብል ውሸት ነው። እዚያ ነው ብል ደግሞ ያቺ ጆሮዋን የምታስኝከው… ከዚያ አንድ ነገር መጣልኝ። «አና ሙሕሪማ» አልኩት። «በኢሕራም ላይ ነኝ። አውሬ ለአዳኝ አላመላክትም።»

አቡ ሳሊም እጁን ጺሙ ላይ አደረገ። ሰዒድ ወደኔ አየ፤ እንዳየሁ ያወቀው ያኔ ነው። «ሰደቅቲ፣ እውነትሽን ነው» አለ ሽማግሌው። «እሺ። ዑምራሽን ፈጽሚ። እናንተ ዓርብ እስክትመለሱ ፍየሎቹን እኔ እጠብቃለሁ። ያኔ ኢሕራምሽም ያልቃል፤ እጠይቅሻለሁ።»

ራሱ መኪናውን አስነስቶ እስከ አስፋልቱ አደረሰን። ደግ ሰው መሆኑ ነገሩን አከበደብኝ። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

በታክሲው ውስጥ ስለ ጠባቂዋ ለሰዒድ ነገርኩት፤ ቦታውን ግን አልነገርኩትም፣ ቢጠየቅ እንዳይቸገር።

«ጡቷ ደርቆ ልጅ የምታሳድግ?» አለ። «እቴ፣ ይቺማ አንቺ ነሽ!» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ያለውን ራሱ ሰማው። እጄን ያዘኝ፤ መካ፣ ሚስፈላ ሰፈር እስክንደርስ አለቀቀኝም።

ከሚስፈላ በእግር ወደ ሐረም፣ ካዕባ ወዳለበት መስጂድ፣ ገባን። ስለ ጠዋፉ ብዙ አልጽፍም። እጄ ባዶ ነበር፣ አልሃምዱሊላህ። ማንም ልጅ ቀሚሴን አልጎተተም። እዚያ ሁሉ ሰው መሀል የምይዘው ስላጣሁ የራሴን እጅ በእጄ ይዤ ዞርኩ። ሰዕዩንም፣ በሰፋና በመርዋ መሀል መመላለሱን፣ ፈጸምን። ስንወጣ ጫማዬ ከተውኩበት የለም። ሰዒድ የራሱን አውልቆ ሰጠኝና እሱ በባዶ እግሩ ሄደ፤ ትልቅ ስለሆነብኝ እንደ ዳክዬ እየተወዛወዝኩ ዑተይቢያ ሰፈር ደረስን።

እዚያ ሐጃ ከድጃ የሚባሉ የወሎ ሴት አሉ፤ ከድሮ ጀምሮ መካ የኖሩ፣ የሀገራቸውን ሴት ሁሉ የሚያሳድሩ። ሰዒድ ፎቅ ላይ ከሚኖሩት የቀን ሠራተኞች ጋር አደረ። ሐጃ የራሳቸውን ነጠላ ጫማ አመጡልኝ፣ ሾርባ አጠጡኝ፣ ከዚያ መቀስና ሽቶ ያለው ሳሙና ይዘው መጡ።

«ነይ ልቁረጥልሽና ታጠቢ።»

«ነገ» አልኳቸው። «ዛሬ ደክሞኛል።»

«የጣት ጫፍ ታህል ፀጉር ለመቁረጥ ምን ድካም አለው?»

«ነገ፣ እማ።»

ሳሙናውን መልሰው ወሰዱት።

ሐሙስ

ቀኑን ሙሉ ፀጉሬን ሳልቆርጥ ዋልኩ። ሐጃ ከድጃ ቤት ሦስት ሴቶች አሉ፤ አንዷ ቅባት ታቀርብልኛለች፣ እምቢ እላለሁ። ሌላዋ ጥፍርሽ ረዝሟል ትላለች፣ እጄን እደብቃለሁ። ሐረም ሄጄ ሰገድኩ፣ ዘምዘም ጠጣሁ፣ ተመለስኩ። ሐሳቤ አጭር ነበር፦ ካልቆረጥኩ ኢሕራሜ አያልቅም፤ ኢሕራሜ ካላለቀ አቡ ሳሊም አይጠይቀኝም። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላሰብኩትም።

ከዐስር ሶላት በኋላ ሐጃ ሴቶቹን ገበያ ላኩና ከጎኔ ተቀመጡ።

«ዘሃራ፣ የኔ ልጅ፣ ሰው ዑምራውን ፈጽሞ ፀጉሩን እንደ አደራ ይዞ ሲዞር አይቼ አላውቅም። ምን ሆነሻል?»

ሁሉንም ነገርኳቸው። ሐጃ መጀመሪያ በመሐረባቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እየሳቁ ነው።

«እናስ? ማዳም ቤት በኢሕራም ልትመለሺ? ዓመት ሙሉ ሳሙና ሳትነኪ ሰሃን ልታጥቢ?»

እኔም ሳቄን መያዝ አልቻልኩም። እንባዬም አብሮ መጣ። እሳቸው ግን ወዲያው ኮስተር አሉ።

«አሁን ስሚኝ። አደን የተከለከለው የሚበላ እንስሳ ነው፤ ሚዳቋ፣ ጥንቸል። የሚናከስ አውሬማ በኢሕራምም ቢሆን መግደሉ ተፈቅዷል። ያንቺ ኢሕራም እነሱን አይሸፍናቸውም።»

በአላህ ቤት ስም ያልሆነ ነገር ተናገርኩ ማለት ነው? ይህንንም ጠየቅኳቸው።

«ባለማወቅ ነው፤ ኢስቲግፋር በዪ፣ አላህን ይቅርታ ለምኚ። ደግሞስ ማን ንገሪው አለሽ? ዝም ማለት'ኮ በኢሕራም ጊዜ ብቻ አይደለም የተፈቀደው። አትዋሺው። ‹አይቻለሁ፣ አልነግርህም› በዪው።»

«ሰዒድን ቢያባርረውስ?»

«እሱን ሰዒድን ጠይቂው» አሉ። «ሥራው የሱ ነው። ፀጉርሽ ግን ያንቺ ነው፤ ነይ ወዲህ።»

ጭንቅላቴን ጭናቸው ላይ አደረግኩ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ቁጭ አድርገው አጠቡኝ፤ ጀርባዬን ሳይቀር። ሰው ካጠበኝ ስንት ጊዜ ሆኖኛል? እኔ ነኝ የማጥበው። ሳሙናው የጽጌረዳ ሽታ ነበረው።

ዓርብ

ከጁሙዓ በኋላ ሐረሙ በር ላይ ሰዒድን አገኘሁት። ለመንገድ ዳቦ ገዝተን እየሄድን ነገሩን አነሳሁበት።

«ሥራህ ነው፤ ኢቃማህም፣ የመኖሪያ ፈቃድህም ነው። ንገሪው ካልክ እነግረዋለሁ። አትንገሪው ካልክ አልነግረውም። የምትለውን በል።»

«ጣራው ይቆያል» አለ። «እቴ፣ እዚያ ስኖር የሚያናግረኝ ሰው የለም። ማታ ማታ እነሱ ሰላም ሲባባሉ እኔም አብሬ ሰላም የተባልኩ ነው የሚመስለኝ። መርዙን ራሴ አልወስድም፤ አንቺንም ውሰጂ አልልሽም።» ቀጥሎ ደግሞ «ግን በደንብ አድርገሽ ንገሪው፣ እንዳይቆጣ» አለ። ያኔ ልጅ ሆኖ ታየኝ።

አቡ ሳሊም ከሆሹ ደጅ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ጠበቀን። ከጎኑ የመርዙ ከረጢት አለ። በክፍሉ ጀርባ ደግሞ ትልቅ ድስት እሳት ላይ ይንተከተካል፤ ለእንግዳ ብሎ ፍየል አርዷል። ዑምራሽን ይቀበልሽ አለኝ፤ አሚን አልኩ። እሱ ሳይጠይቀኝ ጀመርኩ።

«ያ አቡ ሳሊም፣ ኢሕራሜ አልቋል። ያን ቀን የነገርኩህም ልክ አልነበረም፤ አውሬው ከዚያ ውስጥ እንደማይገባ አላውቅም ነበር። ጎሬያቸውን አይቻለሁ። ግን አልነግርህም። በወንድሜ አትያዝብኝ፤ እሱ አያውቀውም።»

«ለምን አትነግሪኝም?»

«ልጆቹን የምትጠብቀው እናታቸው አይደለችም።»

ይህ ምክንያት እንዳልሆነ እኔም አውቀዋለሁ። ግን ሌላ አልመጣልኝም። አቡ ሳሊም እንደ ልማዱ መሬት መሬቱን እያየ ነበር።

«ጆሮዋን ሲያኝኩባት ነበር?» አለ።

ደነገጥኩ። «አዎ።»

«አባቴ በግመል ስንሄድ ያሳየን ነበር» አለ። ሲናገር ድምፁ ዝቅ አለ። «አደን የሄዱት ሲመለሱ ቡችሎቹ ይሮጡባቸዋል፣ ይጮሁባቸዋል። እነሱ ግን አልፈዋቸው ይሄዳሉ። የያዙትን መጀመሪያ የሚሰጡት ለጠባቂዋ ነው። ቆመው ያዩአታል። እሷ ስትጠግብ ነው ልጆቹ የሚበሉት።»

ከዚያ ቀና ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ አየኝ። «ጂዳ ያሉት ሰዎችሽ ቤት አንቺ መቼ ነው የምትበዪ?»

ሰዎቼን ማማት አልፈለግኩም፤ ክፉ አይደሉም። «እነሱ ሲጨርሱ» አልኩ። «ወጥ ቤት።»

አቡ ሳሊም ተነሳ። ከረጢቱን አንስቶ መኪናው ውስጥ ከተተና በሩን ዘጋ። ለሰዒድ «ነገ ብሎኬት አመጣለሁ፤ አጥሩን አንተ ከፍ ታደርገዋለህ። ግልገል ከጎደለ ግን አሁንም ንግግራችን ንግግር ነው» አለው። ሰዒድ «ሓዲር፣ እሺ፣ ያ ዓሚ» አለ፤ ፊቱ ግን በርቶ ነበር።

እኔ ከፀሐዩ ሸሽቼ ክፍሉ ውስጥ ገባሁ። ጥቂት ቆይቶ መጋረጃው ተገለጠና ወንድሜ ትልቁን ትሪ ይዞ ገባ፤ ማንም እጁን ያላስገባበት ሩዝ፣ ላዩ ላይ የጎድኑ ሥጋና ጉበቱ። ፊቴ አስቀመጠውና ወጣ። እንደ ደንቡ ወንዶቹ በልተው የተረፈው ነበር ወደኔ መምጣት የነበረበት። ከመጋረጃው ውጪ ሁለቱ ስለ ብሎኬትና ስለ ሲሚንቶ ሲያወሩ ይሰማኛል። ወሬያቸው ቆመ፣ ደግሞ ቀጠለ፣ ደግሞ ቆመ።

«እቴ!» አለ ሰዒድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንቺ ሳትጠግቢ አንነካም ብሏል። በአላህ ቶሎ ብዪ፣ ርቦናል!»

ቢስሚላህ አልኩና፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ቀስ ብዬ በላሁ።